ስም ያልተጻፈበት አህያ

መጋረጃው ከመስኮቱ አንድ ጣት ያህል ያጥራል፤ በዚያች ክፍተት ደግሞ የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተጠራርቶ ይገባል። ሌሊቱን የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥፍ አድሮ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሮጥ እሱ ወደ አልጋው ሮጦ፣ ይኸው ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ ቆማ ተነስ ትለዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞር ማጅራቱ ላይ ትመጣለች። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው። አልጮኸም። ድምፁን ዘግቼው ይሆን ብሎ አየ፤ አልዘጋውም። እደውላለሁ ብላዋለች እኮ። ያቺ ቀይ መነጽር ያደረገችው የመጻሕፍት አዘጋጅ፣ በዚያ ሰው ከሰው በሚጋፋበት አዳራሽ ውስጥ ካርዱን ከእጁ ተቀብላ፣ ጸጉር ቤት ወንበር ላይ ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮለት በመስታወት ራሱን በኩራት የሚመለከተውን አህያ አይታ፣ ለይሉኝታ ሳይሆን ከልቧ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ስቃ፣ «ለዚህ አህያ የሚሆን ታሪክ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እደውልልዎታለሁ» አለችው። የሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ሊያልቅ ነው። ትልቅ ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ ይላል ለራሱ። መጠበቅ እንደሆነ ያውቅበታል፤ ዕድሜ ልኩን ያስጠበቁትን ሰዎች ቢያሰልፋቸው ከዚህ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርሳሉ፤ ግማሾቹም «ና፣ ሥራው ያንተ ነው» ብለው ያበቁ ናቸው። እንቅልፍ የነሳው መጠበቁ አይደለም። ሌላ ነገር ጎኑን ይወጋዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝ አለው። እስቲ አህያውን ልየው፣ ቢያንስ ያስቀኛል ብሎ ተነሳና በሩ ላይ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ከተረፉት ካርዶች አንዱን አወጣ። አየው። አህያው እንደ ጌታ ተቀምጧል። ገለበጠው። ጀርባው ነጭ ነው፤ ሲያጥፈው እንዳደረው አንሶላ ነጭ። ሌላ አወጣ፤ ነጭ። የተረፉትን ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፋቸው። ስም የለ፣ ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ። በዚያ አዳራሽ የጨበጠውን ሰው ሁሉ እጅ ላይ አህያ አስቀምጦ ወጥቷል፤ የማን አህያ እንደሆነ ግን ለማንም አልነገረም።

እንዴት? እንዴት ማለት ቀላል ነው። ታፔላ ሲጽፍ ያረጀ እጅ የራሱን ስም አያውቅም። ሥራውን ያስተማረው ሰው፣ ቀለም በሚያቀጥንበት አኳራጅ ከመሽተቱ የተነሣ ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ አኳራጅ የሚለው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን መሰላሉን እያስያዘው «ስማ፣ ታፔላ የባለሱቁ ነው። ጥግ ላይ ስምህን የለቀለቅክ ቀን ገበያተኛው ሱቁን ትቶ አንተን ያነባል። ዝም አይነቅዝም» ብሎት ነበር። ዝም አልነቀዘም። የወፍጮ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የጸጉር ቤቶቹን ሁሉ ታፔላ የጻፈ እጅ አንድም ቦታ ስሙን ሳያስቀምጥ ሥራ አላጣም። ታፔላው ያማረለት ሰው ባለሱቁን ይጠይቃል፤ ባለሱቁ «ጋሽ ብሩሽ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ይላል፤ አለቀ። ስሙ በሰው አፍ እንጂ በቀለም አልተጻፈም። እዚህስ? እዚህ በሰው አገር ወፍጮ ቤት የለ፣ ጀርባውም የለ። ያቺ ቀይ መነጽር ማንን ትጠይቅ? አህያውን? ካርዶቹን ሰብስቦ ወደ ኪሱ መለሳቸውና መልሶ ተጋደመ፤ ይጋደማል እንጂ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ የውሃ እድፍ አለ፤ እድፉ ራሱ ጢም ያለው ሰው ይመስላል።

አዳራሹን ያስተዋወቀችው ሹሩባዋ ናት። የልብስ ማጠቢያው ባልደረባው የእኅት ልጅ ስትሆን፣ ራሷም በመጽሐፍ ሥዕል ገና እግሯን የምታስገባ ጀማሪ ናት፤ ጸጉሯን ሁልጊዜ ስለምትሠራ በልቡ ሹሩባዋ ይላታል። አንድ ቀን ዘመዷን ልታይ መጥታ፣ በሻይ እረፍት በካርቶን ክዳን ላይ የሣላትን ድመት አይታ «ጋሼ፣ ይሄ እጅ አንሶላ ላይ ምን ያደርጋል?» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችውም። ጀማሪ ሠዓሊዎችና አሳታሚዎች የሚተዋወቁበት ቀን አለ፣ ካርድ ያሳትሙ፣ ኮት ይልበሱ፣ ደግሞ ትልልቆቹን ብቻ አያሳድዱ፣ ከጎንዎ የቆመው ጀማሪ ነው ነገ ሥራ የሚያካፍልዎት፣ ስለ ራስዎ ከማውራትዎ በፊት ስለ ሥራቸው ይጠይቁ ትለዋለች። «እሱን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» አላት። ገበያ መሃል ያደገ ሰው ነው። ሰው ዕቃ የሚገዛው ከሚያውቀው ሰው መሆኑን፣ ደንበኛ የሚያዘው በሸቀጥ ብቻ ሳይሆን «ልጅህ ዳነ ወይ» በማለት መሆኑን ከማንም አይማርም። ሄደ። ሌሎቹ ጀማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ሲያሹ እሱ በሩ አጠገብ፣ መጠጡ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ ጎን ቆመ፤ ሁሉም ሰው የግዱን በዚያ ያልፋላ። ያለፈውን ሁሉ በዚያው በተሰባበረ ቋንቋው ምን እንደሚሥል ጠየቀ፣ ሰማ፣ አሳቀ፣ ካርድ ሰጠ። ባለ ጢሙ ከማሽን በቀር ሌላ አይሥልም። ልጅ ያዘለችው ሴት ልጇን እያባበለች ስለ ቀለም አወራችው። ባርኔጣውን የማያወልቀው ጎልማሳ ሥራ ጠይቆ ጠይቆ አፉ መድረቁን ነገረው፤ «አፍህ ሳይሆን እግርህ ነው መድረቅ ያለበት» ብሎ መለሰለት፤ ሳቁ። ያን ቀን ሲወጣ አዳራሹን የገዛው ያህል ይሰማው ነበር። አሁንም አላፈረበትም። የሠራው ሥራ ትክክል ነው። የጎደለው አንድ መስመር ነው።

ተነስቶ ዝግጅቱን ላዘጋጀው ድርጅት ደወለ። ማሽን አነሳ። አንድ ይጫኑ፣ ሁለት ይጫኑ፣ ጥሪዎ ለኛ ውድ ነው ይላል፣ ሙዚቃ ይጫወታል፣ እንደገና ጥሪዎ ውድ ነው ይላል፤ ይህን ያህል ከተወደድኩ ለምን አታነሱልኝም? በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች። ቀይ መነጽር ያደረገች የመጻሕፍት አዘጋጅ አላት። «ስሟን ያውቃሉ?» አለችው። ስሟን ባውቅ አንቺን ለምን እፈልጋለሁ ሊል ነበር፤ ዋጠው። የተሰብሳቢ ስም የግል ጉዳይ ነው፣ አንሰጥም፣ መልካም ቀን አለችና ሄደች። በሀገሩ ቢሆን ዘበኛው አለ፣ ሻይ አፍዪዋ አለች፣ አንዷ የአንዷ አክስት ልጅ ትሆንና ነገሩ ከቀትር በፊት ያልቅ ነበር። እዚህ በሩ ሁሉ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል፤ የሚለመን በረኛ የለውም።

ስልኩ ጮኸ። ዘሎ አነሳው። የልጆቹ እናት ናት።

«አልተኛህም?»

«ተኝቼ ነበር፣ አንቺ ቀሰቀስሽኝ እንጂ።»

«ውሸታም! የተኛ ሰው ድምፅ ይጠፋኛል? ስታንኮራፋ የኖርከው ማን ጆሮ ስር ሆነና!»

ሊሸፍን ፈልጎ ነበር። አዳራሹንም፣ ካርዱንም፣ አህያውንም አልነገራት። በዚህ ዕድሜው እርሳስ ይዞ ልጆች መሃል መቆሙ ያሳፍረው ስለነበር አይደለም፤ ካልሆነስ ብሎ ነው። እሷን በሆነ ባልሆነ ተስፋ ማንከራተት ይበቃዋል። ለአጭር ጊዜ ብሎ ወጥቶ «መቼ ነው የምትመጣው?» ባለችው ቁጥር «ትንሽ ነገር ቀርቶኛል» ይላታል፤ ያች ትንሽ ነገር አድጋ ጥርስ አውጥታለች። እውነቱ ደግሞ ይህ ነው፦ የሸሸው ድህነት አይደለም። ልጃቸው ባነር የሚያትም ማሽን አምጥቶ ሱቁ ውስጥ ሲተክል፣ ማሽኑ ከእሱ የሳምንት ሥራ የማያንስ በአንድ ከሰዓት ሲያወጣ፣ ደንበኛው ሁሉ «ጋሽ ብሩሽ እርስዎ ይረፉ» ሲለው፣ ያን «ይረፉ» የሚለውን ቃል ነው የሸሸው። እሷ ከማሽኑ ጋር ቀረች። ዛሬ ግን ሁሉንም ነገራት። ነግሮ ሳይጨርስ ሳቋን ሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስምህን ሳትጽፍ? ሠርግ ጠርቶ ቤቱን አልናገርም ያለ ሰው አንተን አየሁ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ።»

«ላልቅስ ታዲያ? እኔ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ድምፁ የሰለለው እያልኩ ስባክን... ቅር ያለኝ መሣልህ አይደለም፣ አለመንገርህ ነው። እስቲ አህያውን ላክልኝ።»

ላከላት። አየችውና ጮኸች።

«ይሄማ ታላቅ ወንድምህ ነው! እሰይ! ቁጭ ራሱን! ጢሙን ሊላጭ ሲቀመጥ እንዲህ አይደል አገጩን የሚሰቅለው?»

እሱም ሳቀ። አስቦት አያውቅም ነበር፤ እጁ ግን አውቆታል ማለት ነው።

«ይሄ ሥራ» አለች ሳቋ ሲበርድ፣ «ከተገኘ፣ እዚያ ካልሆኑ አይሠራም?»

«የትም ተቀምጦ ይሠራል። እዚያ በረንዳችን ላይም።»

ያውቃታል፤ በልቧ በረንዳው ላይ ወንበር እያስቀመጠች ነው።

«እንግዲያው ሴትየዋን ፈልጋት። ካገባኸኝ ጀምሮ ሌላ ሴት ፈልግ ብዬህ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ፈልግ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

ስልኩን ሲያስቀምጥ እንቅልፉ ሙሉ በሙሉ ሄዶ ነበር፤ ይሂድ። ሰው ራሱን ሲያይ ያውቃል፣ ዘመዱንም በአህያ መልክ ሳይቀር ያውቃል፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስማቸውን አያውቅም፤ ፊታቸውን ግን ማን ይወስድበታል? ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያስቀመጠውን ሰፊ ጥቅል ወረቀት አወጣ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካው፣ መስመር አሰመረ። እንደ ጸጉር ቤት ታፔላ ነው የሚያደርገው፤ ደንበኛ ቁርጡን እንዲመርጥ ራስ ከራስ ጎን በተርታ እንደሚደረደርበት። ቀይ መነጽሯን ብቻ ልሣል ብሎ አስቦ ነበር፤ ተወው። አንዲትን ሴት ከሰው መሃል ነጥሎ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው፤ ደግሞም ወደ አንድ ሰው የሚያደርሰው መንገድ በሌሎች ሰዎች ደጅ ያልፋል። ባለ ጢሙን ሣለ፤ ጢሙ ይበቃ ስለነበር አፍንጫውን ትንሽ ማረለት። ልጅ ያዘለችውን ሣለ፣ የልጇን አንድ እግር በብብቷ ስር አወጣ። ባለ ባርኔጣው መጣ፤ ባርኔጣውን ግን አወለቀለትና እጁ ላይ አስያዘው፣ ጸጉር ቤት አይደል? ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍነው፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታ የረሳችው፣ ሁሉም እየገቡ በተርታ ተቀመጡ። እጁ ይሞቃል። ወረቀቱ ላይ ሲራመድ ያ የድሮው መሰላል ከእግሩ በታች ያለ ይመስለዋል፣ ከታች ጋሽ አኳራጅ ወደ ላይ እያየ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይላል፣ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ቀይ መነጽሯን መሃል ላይ አስቀመጣት፣ ከሌሎቹ ሳትበልጥ ሳታንስ፣ ስትስቅ። ከሥሩ በጥሩ የታፔላ ፊደል ጻፈ፦ «ካርድ ሰጥቻችሁ ስሜን ያልጻፍኩት ሰው እኔ ነኝ። ራሱን እዚህ ያገኘ ይደውልልኝ።»

ሹሩባዋ ከሥራ መልስ ልትጠይቀው ደርሳ በሩን ስትከፍት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እዚያው ቀረች።

«ጋሼ! ይሄን ሁሉ ፊት በአንድ ቀን እይታ ነው የያዙት?»

«ጸጉር አስተካካይና ታፔላ ጻፊ ፊት ከረሱ ምን ይበላሉ?»

ተጠጋች፣ ራቀች፣ ሳቀች፣ አንዷን በጣቷ እያሳየች «ይህቺማ ከኔ ጋር ኮርስ ወስዳለች» አለች፤ ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ ከሥሩ ያለውን አነበበች። ሳቋ ቆመ።

«ይደውልልኝ ይላል።»

«አዎ።»

«ለማን?»

አየው። ከላይ እስከ ታች አየው። ስም የለ፣ ስልክ የለ። ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ ስም ሲብሰለሰል ውሎ፣ ስለዚያው ስም ታፔላ ጽፎ፣ ያንኑ ስም ሳይጽፍ ቀርቷል! አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ፤ እሷም ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ዓይኑን ጠርጎ ተነሣና ቀኝ ጥጉ ላይ ስሙን ጻፈ። ስንቱን የባለሱቅ ስም ያለ ማስመሪያ የጻፈ እጅ የራሱን ስም አሳንሶ አሳንሶ ሸጎጠው።

«ይሄ ምንድን ነው? ጉንዳን?» አለች።

«ስም ነዋ።»

«በጉንዳን ቁመት? መድኃኒት ቤቱን በዚህ ቁመት ነበር የሚጽፉለት?»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ይኮፈሳል አይሉኝም? ሰው ምን ይላል?»

«የአህያው ባለቤት ይሄ ነው ይላል። ሰው የሚያነበውን ይስጡት እንጂ። ጋሼ፣ እኔ የርስዎን ያህል እጅ ቢኖረኝ ስሜን በጣራ ላይ ነበር የምጽፈው።»

ብሩሹን አጠበ። ቀዩን ቀለም ከፈተ። ከሥሩ የቀረውን ስፍራ በዓይኑ ከፋፈለ፤ ደጋግሞ መለካት አላስፈለገውም። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነስልክ ቁጥሩ ጻፈው፣ በወፍጮ ቤት ፊደል፣ ደረቱን በነፋ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል በስተቀኝ ጥቁር ጥላ እያወረደ፣ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ አድርጎ። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቀ። ጋሽ አኳራጅ ይቅር ይበለው፤ ዛሬ ሱቁ እሱ ራሱ ነው። ሹሩባዋ ፎቶ አነሳችውና ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ በሚገናኙበት የጋራ ገጽ ላይ ለቀቀችው፤ እሱም ኮቱን ደርቦ ወደ አንሶላዎቹ ሄደ።

ጠዋት ሲመለስ ስልኩ እንደ ቀፎ ይነዝራል። ባለ ጢሙ «አፍንጫዬን ስላሳነስክልኝ እናቴም ታመሰግንሃለች» ብሎ ጽፏል። የማያውቃቸው ሰዎች «እኔንም አያይዘኝ፣ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር» ይላሉ። ባለ ባርኔጣው ደወለለት፤ በእጅ የሚጻፍ ፊደል የሚፈልግ ማተሚያ ቤት አውቃለሁ፣ አብረን እንሂድ፣ አንተ ፊደሉን አስተምረኝ እኔ ቋንቋውን እናገርልሃለሁ አለው፤ ተስማሙ። ልጅ ያዘለችው ሴት ደግሞ ከመሃል ያለችውን አውቃታለሁ፣ አንድ ጊዜ ሥራዬን አይታልኛለች፣ ልኬላታለሁ አለች። ጀማሪ ናት፤ ሥራ የላትም፤ የሚፈልገው በር ግን እሷ ደጅ ነበር። አልጋው ላይ ልብሱን ሳያወልቅ ተኝቶ፣ ከአንገቱ በላይ እያንቀላፋ ከአንገቱ በታች ነቅቶ ይጠብቃል፣ ፀሐይዋ መጥታ ግንባሩ ላይ ትቆማለች፣ ስልኩ ይጮኻል።

«ያ አህያ እርስዎ ነዎት?» አለች። ሳቋን ከድምፅዋ በፊት አወቀው።

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነዎት! ካርዱን ገልብጬ ገልብጬ ጣቴ ነጣ። የዝግጅቱን አዘጋጆች ጠየቅኩ፣ አናውቅም አሉ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለአሳታሚው የሚሥል ሰው ማቅረብ ነበረብኝ። ታሪኩን ትናንት ለሌላ ሠዓሊ ሰጠሁት። ይቅርታ።»

ቁጭ አለ። ከጎረቤት ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። በረንዳው ላይ የተቀመጠችው ወንበር ታየችው። የድሮው እሱ በዚህ ጊዜ የሚለውን ያውቀዋል፤ አፉ ላይ ደርሷል፤ ምንም አይደል፣ ለሱም ይሁንለት፣ ዕጣዬ አይደለም፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ ስሙ ከነአባቱ፣ ከነጥላው፣ ቀይ ሆኖ ቆሟል። ጋሽ ብሩሽ በሕይወቱ ደንበኛን «የለም» ብሎ ከደጁ መልሶ አያውቅም፤ ያልያዘው ዕቃ ሁሉ መንገድ ላይ ነው ይላል፣ ከዚያ ሄዶ ያመጣዋል።

«ያ ታሪክ ሄደ፤ ይሂድ» አላት። «አህያው ግን ብቻውን አይደለም የመጣው። ጓደኞች አሉት።»

«ጓደኞች?»

«ላሟ መድኃኒት ቤት ናት፤ ያዘዙላትን ማንበብ አቅቷት ከፋርማሲስቱ ጋር ትጨቃጨቃለች። ፍየሉ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዷል፣ እየተለካ የመለኪያውን ሜትር ይበላል። ዶሮዋ ጥርስ ሐኪም ፊት ተቀምጣ ጥርስ የለኝም ማለት አፍራለች። ሰፈሩ ሙሉ ነው እመቤቴ፤ ታፔላውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማን የት እንደሚገባ አውቃለሁ።» ሲናገር ያያቸዋል። አንዳቸውም ገና ወረቀት ላይ አልወረዱም፤ ግን ፍየሉ አሁኑኑ ሜትሩን እያኘከ ነው።

በሌላው ጫፍ እንደገና ትከሻዋ ሲነቃነቅ የሰማ መሰለው። «ዶሮዋን ላያት እፈልጋለሁ» አለች። «የፊታችን ሰኞ ይምጡ። አሳታሚውም ይኖራል። ሁሉንም ይዘው ይምጡና እንያቸው። የስብሰባ ክፍሉን ጠረጴዛ አስይዝልዎታለሁ።»

«ጠረጴዛው ምን ያህል ነው?»

«ስምንት ሰው ያስቀምጣል።»

አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በሌላው ለካው።

«ጠረጴዛው ይቅር» አላት። «ግድግዳ ይኑራችሁ።»